ዘመድ አልባ ስለመሆኑ

ሚያዝያ 3 ቀን

ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ባለው በረንዳ ላይ ለሚሠሩት ልብስ ሰፊ፣

«ሟቹ ቋሚ አድራሻ የሌላቸው ሲሆን፣ ዘመድ አልባ መሆናቸውም በጽሑፍ ማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ አስከሬናቸው በልብስ ሰፊዋ ጠያቂነትና ኃላፊነት የካቲት 27 ቀን ተቀብሯል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የገለበጥኩት የከተማችሁ የቀብር ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ለመሥሪያ ቤታችን ከላከው ደብዳቤ ነው። ለምን ለእኛ እንደላከው አልገለጸም። እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ወደ ግቢው የሚገባ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ በእጄ ያልፋል። ይህንንም እንደሌላው ከፈትኩት፤ ቀን መታሁበት፤ የገቢ ቁጥር ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ ነው ያነበብኩት። የሟቹ ስም ላይ ስደርስ የቁጥሩ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን።

ሰላምታ ያላስቀደምኩት ረስቼ አይደለም።

እኔ ዘመድ ነኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በሕይወት አለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ አድራሻ አለኝ። ወንድሜም ሰዓት ሠሪ ነው፤ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ ሰው ነው። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው አይደለም። እኔ በማላውቀው ከተማ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ወንድሜን «አድራሻ የሌለው» ብለው ቀብረውታል። ይህን ያስደረጉት እርስዎ መሆንዎን ደብዳቤው ይመሰክራል።

ዘመድ እንደሌለው የነገረዎት ማን ነው? «የጽሑፍ ማስረጃ» የተባለው ምንድን ነው፤ ማን ጻፈው፤ ማንስ ፈረመበት? ወንድም እንዳለው እያወቁ ሸሽገው ከሆነስ በምን ሥልጣን? እስከ ሚያዝያ 20 ቀን በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በሰው አፍ የሚላክ መልስ አልቀበልም።


ሚያዝያ 14 ቀን

ለጋሽ ደቂቃ ወንድም፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብስ ደህና ነው? ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። እኛ ጋ ወር አልፎታል፤ ለእርስዎ ግን ሐዘኑ የትናንት እንደሆነ ይገባኛል።

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የልብስ ልክ የማወጣበት ነው፤ ከጀርባው የአንዲት ነርስ ትከሻና ወገብ ተጽፎበታል። ደብዳቤዎን ስከፍተው የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎኝ ክው አልኩ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ወስዶ ከላይ እስከ ታች አነበበና «ይሄ ሰውዬማ ሲያስነጥሰውም ቁጥር ሳይሰጠው አይቀርም» አለ። አይቀየሙት፤ አፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ጋሽ ደቂቃ የምንለው ወንድምዎን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በክረምት ነው የመጡት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ እሳቸው በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ ትከሻቸው እየበሰበሰ ቆመዋል። ቦታ እኮ ነበር። «ግቡ እንጂ አባባ» ብላቸው «ሥራ አስፈታሻለሁ» አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ ጠጥተው ብርጭቆውን ራሳቸው መልሰው መጡ። በማግስቱም መጡ፤ በሠልስቱም። የሚለምኑ ሰው አልነበሩም። የሚቀመጡበት ብቻ ነው የሚፈልጉት።

በአራተኛው ቀን «ግድግዳሽ ላይ ያለው ሰዓት በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል» አሉኝ። «እኔም እዘገያለሁ፤ ይተዉት» አልኩ። አልተዉትም። አውርደው ፈቱት። ዓይናቸው ፈዝዟል፤ የሰዓቱ ጥርስ አይታያቸውም፤ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ በእኔ መርፌ ነው የሠሩት። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ልክ ነው። ጋሽ ደቂቃ የተባሉት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የጨርቅ ማስቀመጫዬን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ሁለት የስፌት መኪና ቢገባባት የምትሞላ ክፍል ናት፤ ግን ደረቅ ናት፤ በር አላት። የቤቱ ባለቤት መጥቶ «ማነው ይሄ ሽማግሌ?» ሲለኝ «አጎቴ ነው» አልኩት። ዋሸሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጎቴ ነበሩ።

ሱቃቸው ያለበት ሕንፃ ፈርሶ ነው አሉኝ፤ በዚያ ላይ ዓይናቸው። ይኸው ነው የማውቀው። እርስዎ የጠየቁኝን ሁሉ እንዳልመለስኩ አውቃለሁ። ይቅርታ። የተማሪ ዩኒፎርም ተደራርቦብኛል።


ሚያዝያ 24 ቀን

ለልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሰዓቱ ማን ጠየቀዎት? ስለ ዝናቡስ? የጠየቅሁት ሌላ፣ የመለሱልኝ ሌላ። የጻፉትን ሦስት ጊዜ አንብቤ «ማስረጃ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ እንደሌለበት አረጋግጫለሁ።

በእርስዎ ዝምታ ምክንያት ለቀብር ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ጻፍኩ። በአምስት ቀን መለሱልኝ፤ ይህ ቢያንስ የሚመሰገን ነው። የማስረጃው ዋና ቅጂ «ከምዝገባ በኋላ ለምስክሯ ተመልሷል» ይላሉ። ምስክሯ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ወረቀቱ በእጅዎ ነው። ይላኩልኝ።

የሚያውቁት ይኸው ብቻ መሆኑንም አልቀበልም። ሁለት ዓመት አንድ በረንዳ ላይ የዋሉ ሰዎች ስለ ሕንፃና ስለ ዓይን ብቻ አያወሩም። ስለ እኔ ተናግሮ ያውቃል? ክፉም ቢሆን እንዳለ ይጻፉልኝ።

ሌላም አለ። ግራጫ ኮት ነበረው፤ በግራ ኪሱ በኩል የሲጋራ ቃጠሎ ያለበት። የመጀመሪያ ሥራ ስይዝ የገዛሁለት ነው። ቃጠሎው የእኔ ነው፤ ሳቅፈው ሲጋራ በእጄ ነበር። ሲሞት ለብሶት ነበር ወይ?

ሰዓት ሠሪ በሰው መርፌ ሰዓት መሥራቱን ባልጻፉልኝ ጥሩ ነበር። እቃዎቹን በእንጨት ሳጥን፣ እያንዳንዱን በራሱ ጎድጓዳ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ሳጥኑስ የት ደረሰ?


ግንቦት 4 ቀን

ለጋሽ ደቂቃ ወንድም፣

እንደምን አሉ? ዘገየሁብዎ። ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ጉንፋኑ ሦስት ቀን ነው፤ የቀረው እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ ሳስብ የሄደ ነው።

ኮቱ ነበር። ገበሩ ተቀዶ ስለነበር ቀይሬላቸዋለሁ። ቃጠሎዋን ልጣፍላቸው ብል «አትንኪያት» ብለው ተቆጡኝ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ለብሰውት ነው የተቀበሩት። ሳጥን ግን አላየሁም፤ ሲመጡ በእጃቸው ምንም አልነበረም።

ስለ እርስዎ ያወሩ ነበር። «ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ትልቅ ቢሮ ነው ያለው» ይላሉ። ጫማ ሰፊው «ታዲያ ትልቁ ቢሮ ውስጥ ለእርስዎ የምትሆን ትንሽ ወንበር ጠፋ?» ሲላቸው «እሱ ሥራ አለበት» ይላሉ። ታመው ሲብስባቸው ፖስታ ገዝቼ ልጽፍልዎ ነበር። ፖስታውን ከእጄ ወሰዱና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አትጻፊለት፤ ሥራ አለበት። ደግሞም ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አይቀበልም» ብለው ሳቁ። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተው በነጋ በጠባ ይህንኑ ነው የሚሉት። ቃል አስገቡኝ። ቃሌን ጠበቅሁ፤ ልክ መሆኔን ግን እንጃ።

አሁን የቀብሩን ልንገርዎ። እዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ዘመድ ያለው ሰው ሬሳ ዘመዱ እስኪመጣ ሰላሳ ቀን በረዶ ቤት ይቆያል፤ ካልመጣ ወደ ጅምላው መቃብር ይወስዱታል። ዘመድ የሌለውን ግን ያስታመመው ሰው ጠይቆ በማግስቱ መቅበር ይችላል። ዘመድ እንደሌለው የሚያሳይ ወረቀት ካለ። እሳቸውን ሰላሳ ቀን በረዶ ውስጥ፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎ... አልቻልኩም። ያ ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ሰጠሁ። አጥበን፣ ኮታቸውን አልብሰን፣ ዘጠኝ ሰው ሆነን በዛፍ ጥላ ሥር ቀበርናቸው።

ወረቀቱን ግን አልልክልዎም። አይቆጡ። ላቃጥለው ሁለቴ ክብሪት ጭሬ ትቼዋለሁ። ባሉበት ቢቀር ለእርስዎም ይሻላል።


ግንቦት 13 ቀን

ለልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ፣

«ለእርስዎም ይሻላል» የሚባል ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሲደረግብኝ ኖሯል። የሚሻለኝን እኔ ራሴ ልወስን።

«ሥራ አለበት» የሚለውን ቃል ሳነብ ቢሮዬን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ምክንያቱን ይወቁት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለሥልጠና ሩቅ አገር ነበርኩ። የሁለት ወር ትምህርት ነበር፤ መጨረሻው ፈተና ነው። እናታችን ወንድሜ ቤት ነበረች። በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ናት፤ ተኝታለች» ይለኛል። ተኝታለች! ፈተናዬን ጨርሼ፣ ለእሷ ሹራብ ገዝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከተቀበረች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ለምን አልነገርከኝም ስለው ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥራ አለበት ብዬ ነው።»

ያን ቀን ሹራቡን እንደያዝኩ ወጣሁ። መልሴን ከሦስት ቀን በኋላ በደብዳቤ ሰጠሁት። ምን እንዳልኩት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ዘጠኝ ዓመት አልጻፈልኝም፤ አልጻፍኩለትም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ አኩርፎኛል ብዬ ነበር የማስበው። በየዓመቱ «መጀመሪያ እሱ ይጻፍ» እል ነበር። ታላቅ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ይኸው ሁለተኛ ቀብር አመለጠኝ፤ በዚያው ቃል። እርስዎ ቃልዎን ጠበቁ፤ እሱም ጠባዩን ጠበቀ። እኔ ምን ጠበቅሁ?

ወረቀቱን ይላኩልኝ። በሕግ የማስገደድ መብት እንዳለኝ አጣርቻለሁ፤ ወደዚያ ባንሄድ እመርጣለሁ። እስከ ግንቦት 30 ቀን እጠብቃለሁ።


ግንቦት 23 ቀን

ለጋሽ ደቂቃ ወንድም፣

ይኸው ላክሁት። ከመክፈትዎ በፊት ቁጭ ይበሉ። አብሮዎት ሰው ይኑር።

ኮቱን ስፈታ ገበሩ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሳላነበው መለስኩላቸው። እሳቸው ግን «አንብቢልኝ፤ ዓይኔ አላይ ብሎኛል፤ የወንድሜ ደብዳቤ ነው» አሉኝ። ከፈትኩት። የተጻፈውን ያውቁታል፤ ግን እንዳለ ልድገምልዎ፤ በኋላ «ምን ነበር ያነበብሽለት» እንዳይሉኝ።

«ቁጥር 1140። ጉዳዩ፦ ዝምድና ስለማቋረጥ። እናቴ ታማ፣ ሞታ፣ ተቀብራ እስክታበቃ ድረስ ሆን ብለህ ደብቀኸኛል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ እኔ ወንድም የለኝም፤ አንተም ዘመድ የለህም።» ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ማኅተም።

ምን ላድርግ? ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ። «ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትክ፤ እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት፤ ለክረምቱ እመጣለሁ» እያልኩ ከሆዴ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አሳምረሽ አነበብሽው» አሉኝ። ለካ ያውቁታል። በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ «እስቲ ያችን ደብዳቤ አንብቢልኝ» ይሉኛል፤ እኔም በየጊዜው አዲስ ነገር እጨምርባታለሁ፦ ልጆችዎ እንዳደጉ፣ አንዴ እንዳመምዎትና እንደተሻለዎት። ይስቃሉ። አንድ ቀን ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ እያዞሩ «ፊደሉን እዪልኝ፤ መስመር ሳይለቅ! እኔ ነኝ ያስቆጠርኩት» አሉኝ። በዚያ ወረቀት ይኮሩ ነበር። እውነቴን ነው።

ቀብር ጽሕፈት ቤት ስወስደው ጸሐፊዋ መጀመሪያ «ይሄ የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ማኅተሙን አየችው። «ማኅተም ካለውማ ሌላ ነገር ነው» አለች። ለመሥሪያ ቤታችሁ ግልባጭ የላኩትም በማኅተሙ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካስከፋዎት ይተዉት። ለወንድም በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ለምን?


ሰኔ 2 ቀን

ለልብስ ሰፊዋ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ዩኒፎርሙስ አለቀ? ጎረቤትዎ ጫማ ሰፊው ደህና ነው? ስለ ማስነጠሱ እውነቱን ነው በሉልኝ።

ወረቀቱ ደርሶኛል። ሲደርሰኝ አብሮኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት።

ለጥያቄዎ መልስ። ማኅተሙን የመታሁት ቀልድ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቆጣ ይስቅብኝ ነበር፤ «ደግሞ ጀመረው» ይለኝ ነበር። እንዳይስቅ ፈለግሁ። ከሚስቴም ከባልደረቦቼም ተደብቄ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ሳለ፣ የመንግሥት ማኅተም በግል ደብዳቤ ላይ መታሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራ ያለ አግባብ የመታሁት እሱን ብቻ ነው። ባልመታው ኖሮ ጸሐፊዋ እንዳለችው ተራ የቤተሰብ ጠብ ሆኖ ይቀር ነበር። ወንድሜን ዘመድ አልባ ያደረገው የእርስዎ ምስክርነት አይደለም።

የባሰውን ልንገርዎ። ቅጂው እኔ ዘንድ ነበር። ከምጽፈው ሁሉ ቅጂ አስቀራለሁ። መጋቢት 30 ቀን «በጽሑፍ ማስረጃ» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱ የቱ እንደሆነ ልቤ አውቆታል። ፋይሉ ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ ነው። ዕድሜዬን ፋይል በመክፈት የኖርኩ ሰው፣ ያን አንድ ፋይል አልከፈትኩም፤ በምትኩ ለማላውቃት ሴት የክስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእርስዎ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ወንድሜን ከዝናብ ያስገቡት የእርስዎ። ይቅር ይበሉኝ የምለው ለጨዋነት አይደለም።

ለአለቃዬ የማኅተሙን ጉዳይ በራሴ ላይ ጽፌ አስገብቻለሁ። የሚወስዱትን እርምጃ እቀበላለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በከተማችሁ መዝገብ ላይ፣ ከወንድሜ ስም ፊት ለፊት፣ «ዘመድ አልባ» የሚል ተጽፏል። ያ ቃል እንዲሰረዝና «ወንድም አለው» እንዲባል አመለከትኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሽሬዋለሁ የሚል ወረቀት በእጄ ጽፌ ላክሁ። ቁጥር የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ ከወንድም ለወንድም የተጻፈ ነው። ማኅተም ስለሌለው መልሰውልኛል። ሳነበው ሳቅሁ፤ እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር። በወረቀቴ ፈንታ የሚቀበሉት የመጀመሪያዋን ምስክር፣ የእርስዎን ቃል ብቻ መሆኑን ገልጸውልኛል። መዝገቡ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም።

እንዲያዝኑልኝ አልጽፍም። በእኔ ስም ያነበቡለት ደብዳቤ ላይ ያለውን ሰው እኔ አላውቀውም፤ «ለክረምቱ እመጣለሁ» ያለውን። ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። ክረምቱ ግን ገብቷል። የመጀመሪያው የእረፍት ቀኔ ሰኔ 25 ነው፤ ያን ቀን ዛፉ ሥር እገኛለሁ፤ መልስዎ ምንም ይሁን ምን። ሰዓቱንም ባየው ደስ ይለኛል፤ ከፈቀዱልኝ።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። ሁለት ዓመት አብረውት ውለዋል፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ወንድም ነበረው ወይስ አልነበረውም? ነበረው ብለው ካመኑ በገዛ እጅዎ ይጻፉት፤ በልክ ወረቀቱም ቢሆን፤ እኔ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ። አልነበረውም ብለው ካመኑም ያንኑ ይጻፉልኝ። አልከራከርም፤ እንዳለ ፋይል አደርገዋለሁ።

መልስዎን እስከ ሰኔ 20 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።